ሁለተኛ በቀቀን ወደ ቤት ስለ ማስገባት

በላሊበላ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጃችን በቤታቸው በቀቀን ያኖራሉ። በቅርቡ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፥ «ወፊቱ ብቻዋን ስትውል ታዝናለች፤ ባልንጀራ ብንጨምርላት ጤናችንን ይነካዋልን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ለሌላም ቤት የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን አሳባችንን እንገልጻለን።

ወፊቱ ከሩቅ አገር የመጣች አይደለችም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ከሚገኘው፥ የጽድና የሾላ ፍሬ ከሚለቅመው ከትንሹ አረንጓዴ በቀቀን ወገን ናት፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ሲሆን የሴቲቱ አረንጓዴ ነው። ይህ ወገን በዱር ጥንድ ጥንድ ሆኖና በመንጋ የሚኖር ስለ ሆነ፥ መምህሩ ታዝናለች ማለታቸውን አንክድም።

ይሁን እንጂ በቀቀኖች ወደ ሰው የሚያስተላልፉት፥ ሐኪሞች ሲታኮሲስ የሚሉት በሽታ አለ። ጀርሙ የደረቀ ኩስ አቧራ ሲሆን በትንፋሽ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 እና በ1930 ከደቡብ አሜሪካ በተላኩ በቀቀኖች ምክንያት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዛምቶ ሰው ስለ ፈጀ፥ የአሜሪካ መንግሥት በ1930 በቀቀን ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ። ዛሬ ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት በጊዜው የወሰደ ይድናል። ነገር ግን ትኩሳቱ፥ ራስ ምታቱና ደረቅ ሳሉ ከሌላ የሳምባ ምች ስለማይለይ፥ ፔኒሲሊንም ስለማይበጀው፥ ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲደርስ በቤቱ ወፍ መኖሩን ሳይጠየቅ ይናገር።

አስቸጋሪው ነገር ጀርሙን የተሸከመች ወፍ ጤነኛ መስላ መታየትዋ ነው። ከዛፍ ተይዛ በጠባብ ስፍራ ታጉራ ስትንገላታ ደግሞ ጀርሙን አብዝታ ትጥላለች። ስለዚህ አዲሲቱ ወፍ ቢያንስ 30 ቀን በሌላ ክፍል ለብቻዋ መቆየት ይገባታል። የላስታ ቤት የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ከተማ ሌሊቱ ብርድ ነውና መስኮቱ ይዘጋል፤ በብዙ ቤት እሳቱም በመኝታው ክፍል ይነዳል፥ ሕፃኑና አያቱም በዚያው ይተኛሉ። ሌላው ክፍል ከየት ይመጣል? ባሕር ማዶ ስንማር ያከራዩን ሴት ሁለት በቀቀን ነበሯቸው፤ ለወፎቹ ግን የተለየ ክፍል ነበራቸው። (የእኛ ክፍል ከዚያ ይጠብ ነበር።)

ስለዚህ ለመምህሩ፥ ሁለተኛዪቱን አያስገቡ አልናቸው። ደግሞስ የምትመጣው ከየት ነው? አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከጎሬዋ ይዟት እንጂ ከሌላ አይደለም። ያለችውንም ቢሆን ከማድ ቤትና ከመኝታ አርቀው፥ ኩሷን በውኃ ሳያረጥቡ እንዳይጠርጉ፥ አፍንጫና አፋቸውን ሸፍነው እንዲያጸዱ፥ እጃቸውንም በሳሙና እንዲታጠቡ ነገርናቸው። ለብቸኝነቷም ቀን ቀን ሰው በሚውልበት በረንዳ ቢያኖሯት ይሻላል።

መምህሩ ፊታቸው ሳይፈታ ሄዱ። በሳምንቱ በደጃቸው ስናልፍ ግን፥ ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ ይንጠለጠል የነበረው የሽቦ ቤት በረንዳው ላይ ተሰቅሎ አየን።