የገብርኤል እንግዳ ከሐይቁ ባሻገር



ታኅሣሥና ሐምሌ በገቡ ቁጥር ሀዋሳ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ስእለቱን የያዘው፣ ምስጋናውን ሊያደርስ የመጣው፣ ከጉዞ ማኅበር ጋር በአውቶቡስ የተሳፈረው ምእመን ሁሉ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ይኸው እንግዳ በሐይቁ ዳር ይናፈሳል፤ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹን ይመለከታል፤ በማግሥቱም ወደ መጣበት ይመለሳል። የከተማው ሆቴልና ባለታክሲ በዚህ ይጠቀማሉ፤ መጠቀማቸውም ተገቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ግን ከዚህ ሁሉ እንግዳ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ወንዶ ገነት ከሀዋሳ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይጠይቅም። በዘውዱ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ የነበረው ይህ ስፍራ ከተራራው ሥር በሚፈልቀው ፍል ውኃው፣ በጥቅጥቅ ደኑ፣ በጉሬዛውና በአዕዋፉ ይታወቃል። (ፍል ውኃውን ጠበል እያሉ በጀሪካን የሚቀዱ ወገኖች እንዳሉ እንሰማለን። ፍል ውኃ ፍል ውኃ ነው፤ ጠበልም ጠበል ነው። ሁለቱንም ያከበረ አይደባልቃቸውም።) በ1970 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመውና ዛሬ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደን ኮሌጅም በዚያው ይገኛል።

ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ። ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ብቸኛ ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው። ጥቁር ውኃን የሚመግቡት ደግሞ ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ናቸው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በመሆኑም ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበው አፈር እዚያው ይቀራል። በመካከሉ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። የበዓሉ እንግዳ ቆሞ የሚያደንቀው ውኃ፣ እንግዲህ፣ አይቶት በማያውቀው ደን ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ደኑን የሚቆርጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ ግን ገበሬውን በመውቀስ የሚያበቃ አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ የሆነበት ሰው ማገዶ ይሸጣል፤ ጫትም ይተክላል፤ ጫቱ በየሳምንቱ ገንዘብ ያመጣለታልና። የቆመ ዛፍ ግን ለእርሱ ምንም አይከፍለውም። በቅዱስ መጽሐፍ እንደምናነበው አዳም በገነት ሲኖር የተሰጠው ሥራ ሁለት ነበር፤ ማበጀትና መጠበቅ። እኛ ከገበሬው መጠበቁን ብቻ እየጠየቅን የሚያበጀውን ነገር ሳንሰጠው ኖረናል።

ጎብኚ ለዚህ አንድ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ወደ መንደሩ ሲገባ ብቻ ነው። አጥር በታጠረ መዝናኛ ገብቶ፣ ታጥቦና ተመግቦ የሚወጣ እንግዳ ለአካባቢው የሚተወው አቧራውን ነው። ለዚህ አብነት የሚሆነን በላስታ አጠገብ ያለው የመቄት ወረዳ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት የላሊበላ ጎብኚዎች በእግርና በአህያ ወደ ገጠሩ እንዲዘልቁ ሲደረግ፣ ማረፊያ ጎጆዎቹን ያስተዳደሩት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ነበር። ቅዱሱን ስፍራ ሊያይ የመጣ እንግዳ በመንገዱ ላይ ያለውን ገበሬ የሚያውቅበት ዕድል አገኘ።

በወንዶ ገነትም ይህን ለመጀመር ታላቅ ሕንፃ አያሻም። ደኑን በልጅነቱ የሚያውቅ ወጣት መንገድ መሪ ቢሆን፣ የመግቢያው ክፍያ ከፊሉ ለቀበሌው ደን ጥበቃ ቢውል፣ እናቶች ቡናና ምግብ ቢያቀርቡ ይበቃል። ስለ ምግቡ አንድ ነገር እናስታውስ። የታኅሣሥ ገብርኤል በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። የሲዳማ ገበታ ኩራት የሆነው ቡርሳሜ በቅቤ የሚሠራ ስለሆነ የጾም እንግዳ አይቀምሰውም። ዋሳው በዘይት ከተሠራ ጎመን ጋር ቢቀርብ ግን፣ ከጓሮው ሸንኮራና አቮካዶም ቢታከልበት፣ ጾመኛው ሳይቸገር ይስተናገዳል፤ እንሰቱም ዋጋ ያገኛል።

በወረዳው የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ የእኛን እምነት የሚከተል አይደለም። ሆኖም አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ እንግዶቹን ሲቀበል ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም፤ ባለአገሩም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋል። በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው ፍቼ ጫምባላላ እርቅና መልካም ጉርብትና የሚከበርበት በዓል ነው። እንግዳውም በበኩሉ ነጠላውን ለብሶ ሲሄድ የቤተ ክርስቲያን መልእክተኛ መሆኑን አይዘንጋ፤ ፕላስቲኩን በጅረቱ ዳር ጥሎ፣ በሰው እርሻ መካከል እያቋረጠ፣ በሕፃናት ላይ ሳንቲም እየበተነ አይለፍ።

የጉዞ አዘጋጆች፣ የየሰበካው ጉባኤና የወረዳው አስተዳደር ይህን ከወዲሁ ቢመክሩበት እንወዳለን። ከታኅሣሥ ገብርኤል እስከ ሐምሌ ገብርኤል ያለው ጊዜ ሰባት ወር ነው። የሐምሌው በዓል ዝናብና ጭቃ ይዞ የሚመጣ ስለሆነ፣ መንገድ መሪዎቹን ማሠልጠንና የእግር መንገዱን ድንጋይ ማንጠፍ በበጋው መጠናቀቅ ይኖርበታል።