በጅቡቲ በር ላይ የተሰጠ ምራቅ፦ «ፖዘቲቭ» የሚለው ውጤት ምን ያህል ይታመናል?

የጅቡቲ አምቡሊ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኮቪድ-19 ምክንያት ተዘግቶ ቆይቶ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። በተከታዮቹ ወራት ወደ ከተማዋ የሚገባ መንገደኛ ከመነሻው የፒሲአር ማስረጃ እንዲይዝ፣ ሲደርስም ምራቁን ሰጥቶ እንዲመረመር ይጠየቅ ነበር። ውጤቱ ምን ያህል አስተማማኝ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ለሌሎች ወረርሽኞችም የሚተርፍ ነው።

ምራቅ በራሱ ደካማ ናሙና አይደለም። «ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን» የተሰኘው የሕክምና መጽሔት በጥር 2013 ዓ.ም. ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ በላቦራቶሪ ዘዴ ሲመረመር የምራቅ ናሙና የመለየት አቅም 83.2 በመቶ፣ ከአፍንጫ ጥልቀት የሚወሰደው ደግሞ 84.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ችግሩ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ደጋግሞ አባዝቶ ይፈልገዋል። ብዙዎቹ ፈጣን መሣሪያዎች ግን ሳያባዙ የቫይረሱን ፕሮቲን ስለሚሹ መጠኑ ሲያንስ ያልፋቸዋል። ከምርመራው በፊት የተበላና የተጠጣ ነገርም ናሙናውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ከቀትር በኋላ ጫት በሚቃምበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን የፕሮቲን ምርመራ ከ100 የተያዙ ሰዎች ቢያንስ 80ውን እንዲለይ፣ ከ100 ካልተያዙት ደግሞ ቢያንስ 97ቱን ነጻ እንዲል ይጠይቃል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አስቀድሞ በፒሲአር ከተጣሩ 1,000 መንገደኞች 10ሩ ብቻ ተይዘዋል እንበል። መሣሪያው 8ቱን ያገኛል፤ ካልተያዙት 990 ውስጥ ደግሞ 30 ያህሉን በስሕተት «ፖዘቲቭ» ይላል። ከተከለከሉት አምስት ሰዎች አንዱ ብቻ ነው በእርግጥ የታመመው።

ያንኑ መሣሪያ ቫይረሱ በተስፋፋበት መስመር ላይ ብናውለው፣ ለምሳሌ ከ1,000 የጭነት መኪና ሾፌሮች 100 ተይዘው ቢሆን፣ 80ው በትክክል፣ 27ቱ በስሕተት ይለያሉ። አሁን ከአራቱ ሦስቱ እውነተኛ ሕሙማን ናቸው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሰለፈው ሰው ነው።

ስለዚህ በመያዣው ላይ የታተመው መቶኛ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። ሥርጭቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ «ፖዘቲቭ» የተባለ ሰው ውጤቱ በፒሲአር እንዲረጋገጥለት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ሥጋቱ ሌላ ነው፤ «ኔጌቲቭ» ተብለው ወደ ጋላፊ መንገዳቸውን ከሚቀጥሉት መካከል 20ው ቫይረሱን ይዘው ነው የሚሄዱት።