አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ እስከ መቼ በረኛውን ብቻ?

ዛሬ ስለ በረኛ ላወጋችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ኳስ!» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ጉዳይ ነውና።

እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ዋልያዎቹ ሲጫወቱ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የማይቀር አንድ ጩኸት አለ። «በረኛው ሸጠን!» አጥቂ ባዶ ጎል ሲስት «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በረኛ አንዴ ኳስ ካመለጠችው ግን ሳምንቱን ሙሉ ስሙ ከአፍ አይወርድም። ንዴቱ ይገባኛል፤ እኔም አንዱ ተናዳጅ ነኝ። በተለይ ወሳኝ ጨዋታ ላይ ሲሆን አንጀት ያቃጥላል። ጥያቄዬ ግን ንዴታችን ትክክለኛውን ሰው እያገኘ ነው ወይ የሚል ነው።

እስቲ መዝገቡን እንግለጥ። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት መጀመሪያ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከዚያ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በጎደሎ ቁጥርም ቢሆን አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያየን። ጥር 17 ቀን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ተቋቁመን ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ገባብንና 2 ለ 0 አለቀ። ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ስለወጣ ጓንቱን የሜዳ ተጫዋች አጠለቀው። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት በረኛ፣ ሁለት ቀይ ካርድ!

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «በረኛ የለንም» ብሎ ይደመድማል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥር 17 ቀን የቡርኪና ፋሶ በረኛም በቀይ ካርድ ወጥቷል። እነሱ ግን በአሥር ሰው ሦስት ጎል ጨመሩብን! በረኛ ሲጎድል የሚፈርስ ቡድን አለ፤ ሲጎድል የሚሸፍን ቡድንም አለ።

የዓለም ዋንጫው የደርሶ መልስ ማጣሪያም ያንኑ ይነግረናል። እኔና እኩዮቼ ያኔ ልጆች ነበርን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በኃይሉ አሰፋ ከጎን የላካት ኳስ ትልቁን በረኛ ቪንሰንት ኢንየማን አታልላ ጎል ሆነች። ናይጄሪያዎች ግን አልተደናገጡም። ኢማኑኤል ኢመኒኬ አንድ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻም በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አሸነፉን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ደግመው ብራዚል ገቡ። የተሳሳተው በረኛ የእነሱ ነበር፤ ቤታችን የቀረነው ግን እኛ ነን።

በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይም ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ አስተናጋጇ ላይ አግብቶ አስጨፈረን። መጨረሻው 4 ለ 1 ሆነ። አራት ጎል ሲገባ ጥፋቱን ሁሉ አንድ ሰው ላይ መጫን ይቻላል እንዴ?

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በእኔ እይታ ከሜዳው በፊት ነው። በረኛ መቼ ከጎሉ እንደሚወጣ፣ መቼ ባለበት እንደሚቆም የሚማረው በመጫወት ነው። ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወጣት አጥቂ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተቀይሮ ይገባል፤ ወጣት በረኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ወንበር ያሞቃል። ትልልቅ ክለቦቻችን ለዓመታት ከውጭ በረኛ አስመጥተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ በኋላም ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን አሰልፏል፤ ፋሲል ከነማም ማሊያዊውን ሚኬል ሳማኬን። ጥሩ በረኞች ነበሩ፤ ክለብም ዋንጫ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ክለቡ በውጭ በረኛ ሲያሸንፍ ሂሳቡን የሚከፍለው ብሔራዊ ቡድኑ ነው።

ሰፈራችንስ ብትሆን? ሁለት ድንጋይ ተተክሎ ጨዋታ ሲጀመር በረኛ የሚሆነው ትንሹ ወይም «አይችልም» የተባለው ልጅ ነው። ኳሷን ያመጣው ልጅማ በፍጹም አይቆምም! በረኝነትን ከልጅነት ጀምሮ ቅጣት አድርገን ስናበቃ ትልቅ በረኛ መጠበቃችን ይገርማል።

«ሊቨርፑልስ?» የሚል ይኖራል። ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ሎሪስ ካሪየስ ሁለት ከባድ ስህተት ሠርቶ ሪያል ማድሪድ 3 ለ 1 አሸነፈ። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በኋላ ሲመረምሩት በዚያው ጨዋታ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት እንደደረሰበት ተናገሩ። ሊቨርፑል አሊሰን ቤከርን ገዛና በዓመቱ ዋንጫውን አነሳ። አዎ፣ ክለብ በረኛ ይገዛል። ብሔራዊ ቡድን ግን ከገበያ አይሸምትም፤ ያለው አማራጭ ማሳደግ ብቻ ነው። የምንሰድበው በረኛ እኮ ያላሳደግነው በረኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሙያ የሚመጣው። «በረኛው ዋጋ አስከፈለን» ዜና አይደለም፤ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ማንም በነፃ የሚለው ነው። ጋዜጠኛ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ በረኛ ዘንድሮ ለክለቡ ስንት ጨዋታ ተሰለፈ? የበረኞች አሰልጣኙ ማነው? ኳሷ ከመድረሷ በፊት ተከላካዮቹ የት ነበሩ? የክለብ ኃላፊና ፌዴሬሽን መጠየቅ ያስፈራል፣ ደጅ ያስጠናል። በረኛውን መስደብ ግን ቀላል ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለዚህ ነው።

በረኛ አይተች አላልኩም። ስህተቱ ይነገር፣ በስሙም ይነገር። ግን ከእሱ ጀርባ ያሉትም በስማቸው ይነገሩ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ማጣሪያ በረኛው ይቀየራል፤ ጩኸታችን ግን ያው ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!