ኮምፒውተሩ ቢሞትም ሃርድ ዲስኩን አትቅበሩት

በዛሬው የሙያ ዓምዳችን ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ የምትጠይቁኝን ነገር ይዤ ቀርቤያለሁ። ጥያቄው «አሮጌው ኮምፒውተራችን አልነሳ አለ፣ ምን ይሻላል?» የሚል ነው።

ከአንድ ገጠመኝ ልጀምር። በቅርቡ አንዲት እናት ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በልጃቸው አሸክመው ቤቴ መጡ። (ሳጥኑን ሁላችንም «ሲፒዩ» ስለምንለው እኔም እንደዚያው እላለሁ።) «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞቷል። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ሲመጣ ጸጥ አለ፣ በዚያው ቀረ። አንድ ነጋዴ ለመለዋወጫ ልግዛዎት ብሎኛል። ስንት እንደሚያወጣ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ።

«ውስጡ ምን አለ እማማ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ውጭ የሄደው ልጄ ፎቶ አለ። የነዚህ ልጆች የትምህርት ማስረጃም እዚያው ነው ያለው። የአባታቸውም ድምፅ አለ፣ ሲያጫውታቸው የቀዳነው» አሉ። አባታቸው ዛሬ በሕይወት የሉም።

«እንግዲያው አይሽጡት፣ መጀመሪያ እንየው» አልኳቸው።

አሮጌ ኮምፒውተር ሲመረመር ሕጉ አንድ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ። ደግሞም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነካው። ሦስት ነገር ባንዴ ከነካካችሁ የቱ እንዳዳነው ወይም የቱ እንደገደለው አታውቁም።

ስለዚህ ከግድግዳው እንጀምር። እዚያው ሶኬት ላይ አምፖል ወይም የሞባይል ቻርጀር ሰኩና መብራት መኖሩን እዩ። ማከፋፈያውን ተዉትና በቀጥታ ሞክሩት። የሞኒተሩና የሲፒዩው የኤሌክትሪክ ገመድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አለዋውጡት። ከሲፒዩው ጀርባ፣ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ትንሽ ማጥፊያ ካለ ልጆች ነክተውት እንዳይሆን ተመልከቱ። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለ። እኛ ጋ 230 ላይ መሆን አለበት። እኔ ሥራውን ስጀምር ይህን ሳላይ ሰክቼ የሰው ፓወር ሰፕላይ እንደ ርችት አፈንድቼአለሁ። ባለቤቱ ይቅር ብሎኛል፣ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ውጩ ደህና ከሆነ ወደ ውስጥ እንግባ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ። በደረቅ አየር ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ፣ ለኛ ባይሰማንም፣ ራምና ማዘርቦርድ ያቃጥላል። አቧራውን በደረቅና ንጹሕ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሣጥን ግን ፈጽሞ እንዳትከፍቱ። ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

አሁን ሰክታችሁ አብሩና አዳምጡ። ኮምፒውተር ሲታመም ይናገራል።

ማራገቢያው እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ራም ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፣ ወርቃማውን ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ፍርፋሪውን አራግፉ። ስትመልሱት በመሐሉ ያለውን ቀዳዳ አስተያዩ፣ ዳርና ዳር ያሉት መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ተጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ። በአቧራ አገር ግማሹ «ሞቷል» የተባለ ኮምፒውተር በላጲስ ይነሳል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ማራገቢያው አንዴ ዞር ብሎ ከቆመ፣ አንድ ዕቃ ሾርት እያደረገ ሊሆን ይችላል። ሲዲውን፣ ተጨማሪ ካርዶችን፣ ሃርድ ዲስኩንም ንቀሉና ማዘርቦርዱን ከነፕሮሰሰሩና ከአንድ ራም ጋር ብቻ ሞክሩት። ከተነሳ፣ የነቀላችሁትን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ያዙ።

ጭራሽ ጸጥ ካለ ጥርጣሬው ፓወር ሰፕላዩ ወይም የፊት ለፊቱ ቁልፍ ላይ ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ገመዱ ሲሰካ የምትበራ ትንሽ መብራት አላቸው። እሷ በርታ ቁልፉ የማይሠራ ከሆነ ቁልፉ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩን መለካት ግን ቴስተር ላለውና ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይተው። ባለሙያው የሚያየው ቢጫው ሽቦ ወደ 12፣ ቀዩ ወደ 5፣ ብርቱካናማው ወደ 3.3 ቮልት መስጠቱን ነው። ልዩነቱ ከመቶ 5 ካለፈ ይቀየራል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪም ርካሽ ናት። ኮምፒውተሩ ቀኑንና ሰዓቱን እየረሳ ካስቸገረ እሷን ቀይሩ።

የእማማ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አልፏል። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነበር፣ ራሙንም ጠረግነው። ግን ፕሮሰሰሩ አጠገብ በርሜል የሚመስሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ፣ አንዱም ቡናማ ነገር አፍስሶ አገኘሁት። ደህና ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በዚህ በሽታ ነው ያለቁት። ብየዳ የሚችል ሰው ይቀይራቸዋል፣ የሳቸው ግን ቦርዱም አብሮ ተቃጥሏል። «እማማ፣ ይሄኛው አይነሳም» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«ግን ልጅዎ ፎቶና የጋሼ ድምፅ እዚህ አይደለም ያለው» አልኩና አራት ብሎን ፈትቼ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁላቸው። ከሲፒዩው ጋር አብሮ አልሞተም። ዩኤስቢ መቀየሪያ ተውሼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። የአሮጌው ዲስክ ገመድ ሰፊና ዝርግ ነው፣ የአዲሱ ጠባብ ነው። መቀየሪያ ስትዋሱ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ፎቶው ወጣ፣ ማስረጃውም ወጣ። ድምፁን ስከፍተው ትንሿ ልጅ «አባዬ!» አለች። እናትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም ብሎን የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የዛሬው ዋና መልእክቴ ይህ ነው። ሳጥኑ ዕቃ ነው፣ ቢሞት ይተካል። የቤተሰባችሁ ንብረት ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ፦

ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እሺ አትበሉ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ወዲያው አጥፉና ለባለሙያ አሳዩ፣ ደጋግሞ መሞከር ይጨርሰዋል። የተገኘውን ሁሉ ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ አንዱ ፍላሽ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

ሲፒዩ ስትሸጡ ዲስኩን አውጥታችሁ ሽጡ። «አጥፍቼዋለሁ» አትበሉ፣ የተደለተ ፋይል በቀላሉ ይመለሳል። የእኛ የጉዳይ ወረቀት፣ ስማችን፣ የመጣንበት ምክንያትና የልጆቻችን ፎቶ የማናውቀው ሰው እጅ ሊገባ አይገባም።

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣም ቶሎ አትሰኩ፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪተው ጠብቁ። አቅም ካለ ስታቢላይዘር ግዙ፤ ከሌለ ግን መንቀል ገንዘብ አይጠይቅም።

እማማ ሳጥኑን በመጨረሻ ለነጋዴው ሸጡት። ዲስኩን ግን በዚያችው ነጠላ ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ይዘው ሄዱ።