የጊታር ቃና ምርጫና የጆሯችን ታማኝነት

የሙዚቃ ቀረጻ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ትላልቅ ስቱዲዮዎችና የሠለጠኑ ባለሙያዎች ብቻ የሚያከናውኑት ሥራ እንደነበር ይታወቃል። ዛሬ ግን አንድ ተማሪ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኮምፒዩተርና ሁለቱን የምታገናኝ አነስተኛ የድምፅ ካርድ ካሉት በመኝታ ክፍሉ ሆኖ ሙሉ ዘፈን መቅረጽ ይችላል። የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ባሕርይ አስመስለው የሚሠሩ ሶፍትዌሮች፣ አንዳንዶቹም በነጻ የሚገኙ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የድምፅ ቃናዎችን ፊቱ ይደረድሩለታል። በመሆኑም የቀደመው ትውልድ ችግር የመሣሪያ እጥረት የነበረ ሲሆን የዛሬው ወጣት ችግር የምርጫ መብዛት ሆኗል።

ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው የሙዚቃ ዘርፎች አንዱ ዘመናዊው ሐርድ ሮክ ነው። በዚህ ዘርፍ የጊታሩ ድምፅ የዘፈኑ ምሰሶ በመሆኑ ወጣቱ ሰዓታት ወስዶ ወፍራም፣ ኃይለኛና የሚያስገመግም ቃና ይመርጣል። ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ድራሙ፣ ቤዝ ጊታሩና ድምፃዊው ሲጨመሩ ግን ያ ሁሉ ግርማ ይጠፋና ጊታሩ ከሩቅ የሚሰማ የንብ መንጋ ይመስላል። ወጣቱም ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ይጥላል፤ የተሻለ አምፕሊፋየር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። እኛ ግን መፍትሔው ከገበያ ይልቅ ከፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል እንላለን። ለቀረጻ የሚሆን የጊታር ቃና ብቻውን ሲሰማ በሚሰጠው ደስታ ሊመረጥ አይገባም፤ ጆሯችን በቀላሉ የሚታለል የመለኪያ መሣሪያ ነውና ምርጫው እንደማንኛውም ሳይንሳዊ ልኬት በቁጥጥር መካሄድ አለበት። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የሞገድ መዛባት ምን ይጨምራል?

አንድ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ እንዲያጎላ ሲገደድ የሞገዱ ጫፍና ግርጌ ተቆርጦ ይቀራል። መሐንዲሶች ይህን መዛባት እንደ ጉድለት ቆጥረው ለማስወገድ ሲደክሙ የኖሩ ቢሆንም፣ የሮክ ተጫዋቾች ግን ፈልገው ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዙ ኪንክስ ቡድን ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የአነስተኛ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሰንጥቆ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» የተባለውን ዘፈን መቅረጹ የታወቀ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ጂም ማርሻል ለንደን በሚገኘው ሱቁ የራሱን አምፕሊፋየሮች መሸጥ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ብላክ ሳባዝ የተባለው የበርሚንግሃም ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ የተዛባ ድምፅ የአንድ ሙሉ የሙዚቃ ዘርፍ መለያ ለመሆን በቃ።

ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ መዛባት በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ድግግሞሾችን ይፈጥራል። የ100 ሄርዝ ንጹሕ ሞገድ ከላይና ከታች በእኩል ሲቆረጥ 300፣ 500፣ 700 ሄርዝና ከዚያም በላይ የሆኑ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ሁለት ኖታዎች በአንድ ጊዜ ሲገቡ ደግሞ የሁለቱ ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድግግሞሾች ይጨመራሉ። የጊታር ዝቅተኛው ክር፣ ኢ፣ በተለመደው ቅኝት 82.4 ሄርዝ ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ቢ 123.5 ሄርዝ ነው። የሁለቱ ልዩነት 41 ሄርዝ ገደማ በመሆኑ ከኢው አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ብሎ የቤዝ ጊታርን ዝቅተኛ ክር ይመስላል። ፓወር ኮርድ የሚባለው የሁለት ኖታ ጥምረት በተዛባ ጊታር ላይ ግዙፍ ሆኖ የሚሰማው ስለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል 103.8 ሄርዝ የሆነው ጂ ሻርፕ ቢጨመር ግን 21.4 እና 19.7 ሄርዝ የሆኑ ልዩነቶችና ሌሎች በርካታ ውጤቶች ይከተላሉ፤ እነዚህም እርስ በርስ እየተጋጩ ድምፁን ያሻክሩታል። የሐርድ ሮክ ተጫዋቾች ይህን ሦስተኛ ኖታ ብዙ ጊዜ የሚተዉት ከልምድ ተነሥተው ቢሆንም፣ ልምዱን የሚደግፈው ሂሳብ ይኸው ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት «ጌን» የተባለው መቆጣጠሪያ ቁልፍ በጨመረ ቁጥር ኃይል አብሮ እንደማይጨምር ነው። መዛባቱ ሲበዛ ደካማውና ጠንካራው ምት አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ የእጅ አመታት ልዩነት ይጠፋል፤ የድምፁ መነሻ ይደበዝዛል። በዘመናዊ ቀረጻ አንድ የጊታር ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ማስቀመጥ የተለመደ በመሆኑ የሁለቱም ሃርሞኒኮች ይደራረባሉ። ስለዚህ ብቻውን ሲሰማ ትንሽ የጎደለው የሚመስል ጌን ሁለቱ ቀረጻዎች ሲገናኙ በቂ ሆኖ ይገኛል። አንዱን ቀረጻ ገልብጦ በሁለቱም ወገን ማስቀመጥ ግን ስፋት አይሰጥም፤ በሁለቱ ጆሮዎች የሚሰማው አንድ ዓይነት ከሆነ ድምፁ መሐል ላይ ይቀራልና።

ጉዳዩ የውጭ አገር ሙዚቃ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ የተዛባ ጊታርና የአገራችን ቅኝቶች አብረው መሄድ እንደሚችሉ አሳይቷል። በትዝታ፣ በባቲ ወይም በአንቺሆዬ አንድ ኖታ በአንድ ጊዜ የሚጫወት ዜማ ከፍ ያለ መዛባትን ይሸከማል፤ የሚፈጠሩት ሃርሞኒኮች የዚያው ኖታ ብዜቶች ናቸውና። ከዚሁ ቅኝት ሁለት ተቀራራቢ ኖታዎች በአንድ ላይ ሲመቱ ግን ከላይ ያየነው ግጭት ስለሚከሰት ጌኑን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን በዚህ መንገድ መሞከር ለሚሹ ወጣቶች ሰፊ የምርምር ሜዳ ነው ብለን እናምናለን።

ጆሮ እንደ መለኪያ መሣሪያ

በላቦራቶሪ ውስጥ መለኪያውን ሳያስተካክል ውጤት የሚመዘግብ ተማሪ ማርክ አያገኝም። ቃና በምንመርጥበት ጊዜ ግን ይህን ደንብ እንረሳዋለን። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ለሁሉም ድግግሞሾች እኩል ስሜት የለውም፤ ይህም አለመመጣጠን ራሱ እንደ ድምፁ መጠን ይለያያል። ድምፅ ዝቅ ባለ ጊዜ ወፍራሞቹ ድግግሞሾች ከመካከለኞቹ ይልቅ በእጅጉ ይደክሙብናል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ሌሊት በዝቅተኛ ድምፅ የሚሠራ ወጣት የቤዝ ቁልፉን የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያው ቀረጻ በማግስቱ ከፍ ብሎ ሲከፈት ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው አታላይ የድምፅ መጠን ልዩነት ነው። ከሁለት ቃናዎች አንደኛው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ አድማጭ እርሱን «የተሻለ» ይለዋል። በሶፍትዌር የተደረደሩ ቃናዎች እኩል መጠን ስለሌላቸው እንዲሁ እየቀያየሩ መምረጥ ጮክ ያለውን መሸለም ይሆናል። በመሆኑም ከማወዳደር በፊት መጠናቸውን ማስተካከል ግዴታ ነው።

ሦስተኛው አታላይ ክፍሉ ራሱ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚቆመው የመጀመሪያ ሞገድ 43 ሄርዝ፣ ሁለተኛው 86 ሄርዝ ገደማ ነው። ይህ ሁለተኛው ከጊታሩ ዝቅተኛ ክር 82.4 ሄርዝ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። አድማጩ ከግድግዳው ሥር ቢቀመጥ ይህ ድግግሞሽ ተጋኖ ይሰማዋል፤ ከግድግዳው 1 ሜትር ቢርቅ ደግሞ ሊጠፋበት ይችላል። ወንበሩን በማንቀሳቀስ ብቻ የሚለወጥ ቃና እያለ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ማሽከርከር ከንቱ ድካም ነው። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይህን የክፍል ተጽዕኖ ስለሚያስቀር ለንጽጽር ይረዳል።

ምን እንምረጥ?

ከዚህ በመነሣት በዘመናዊ ሐርድ ሮክ ቀረጻ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን። መጀመሪያ፣ ወፍራሙ ድምፅ ወደ መዛባቱ ከመግባቱ በፊት ይቀነስ። መዛባት ቀጥተኛ ያልሆነ ሂደት በመሆኑ ድግግሞሾችን ከመዛባቱ በፊት መቀነስና በኋላ መቀነስ አንድ ውጤት አይሰጡም፤ አስቀድሞ የገባ ትርፍ ቤዝ ከሌሎች ድግግሞሾች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር የተባለችው አነስተኛ ፔዳል በከባድ አምፕሊፋየሮች ፊት የምትቀመጠው ለዚህ ነው፤ የታወቀው ሰርኪውቷ ከ720 ሄርዝ በታች ያሉትን ድግግሞሾች ከዚያ በላይ ካሉት ያነሰ ስለሚያጎላ የሚዛባው ድምፅ ጥርት ያለ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መካከለኛው ድግግሞሽ አይጥፋ። ብቻውን ሲሰማ ቤዝና ትሬብሉ የበዛ፣ መካከሉ የጎደጎደ ቃና ያስደስታል። በዘፈን ውስጥ ግን ከታች ያለውን ቦታ ቤዝ ጊታሩና ትልቁ ከበሮ፣ ከላይ ያለውን ደግሞ የድራሙ ሳህኖች ይይዙታል። መካከለኛውን የሰጠ ጊታር መቆሚያ አይኖረውም። ቤዙ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን፣ የጊታሩንም ድርሻ መገደብ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ ለስፒከሩ ትኩረት ይሰጥ። የተለመደው ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ስለሚቀንስ የመዛባቱን ሸካራነት ይገራል። ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው የስፒከር ምስያውን ሲቀይር አምፕሊፋየር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እውነተኛ ስፒከርና ሁለት ማይክሮፎኖች ለሚጠቀም ደግሞ ርቀታቸው ይለካ፤ የ17 ሴንቲሜትር ልዩነት ቢኖር ሁለቱ በ1,000 ሄርዝ ላይ ተቃራኒ ሆነው ይሰራረዛሉ፤ ይህም ጊታሩ በእጅጉ ከሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው።

አራተኛ፣ የሶፍትዌሩ ስሌት ጥራት ይታይ። በሰኮንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ ሥርዓት ሊወክል የሚችለው እስከ 22,050 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። በስሌቱ ውስጥ የተፈጠረ የ30,000 ሄርዝ ሃርሞኒክ ተመልሶ በ14,100 ሄርዝ ላይ ይታጠፋል፤ ይህም ከተጫወትነው ኖታ ጋር ዝምድና የለውም። ስሌቱን በብዙ እጥፍ የናሙና ፍጥነት የሚያካሂድ አማራጭ ካለ ሥራ ላይ ማዋል ተገቢ ነው።

«ሙዚቃ ስሜት አይደለምን?»

ይህን ሁሉ ሲያነብ «ሙዚቃ የስሜት ጉዳይ ነው፤ ሂሳብ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ዴቭ ዴቪስ ስፒከሩን የሰነጠቀው ሂሳብ ሠርቶ አልነበረም፤ የትኛው ቃና ለየትኛው ዘፈን እንደሚስማማ የሚናገር ቀመርም የለም። ሆኖም የምናስተካክለው መለኪያ ስሜቱን አይተካም፤ ስሜቱ በትክክለኛው ነገር ላይ እንዲፈርድ ያደርጋል። በድምፅ መጠን፣ በወንበር ቦታና በሌሊት ጸጥታ የተታለለ ሰው ምርጫዬ ነው ያለው የራሱ ምርጫ አይሆንም።

ጉዳዩ ከኪስና ከጤናም ጋር የተያያዘ ነው። ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ከባለ 10 ዋቱ የሚበልጠው በ10 ዲሲቤል ነው፤ ይህም በጆሮ ሲመዘን ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለቤት ውስጥ ቀረጻ ይህን ልዩነት በብዙ ገንዘብ መግዛት አስፈላጊ አይመስለንም። በሌላ በኩል የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ምክር 85 ዲሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ፣ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ስሌት 94 ዲሲቤል ለ1 ሰዓት፣ 100 ዲሲቤል ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድ ነው። በከፍተኛ ድምፅ ቃና ሲመርጥ የሚያመሽ ወጣት የሚጎዳው መለኪያ ምትክ የለውም።

ስለዚህ ተማሪዎች ይህን ቀላል ሙከራ እንዲያደርጉ እንጋብዛለን። አንድ አጭር የጊታር ክፍል ያለ አምፕሊፋየር፣ በቀጥታ ከድምፅ ካርዱ ይቀረጽ። ያው ቀረጻ በሦስት የጌን ደረጃዎች፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ፣ ይለፍ። ሦስቱም መጠናቸው ተስተካክሎ ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጋር ይዋሃዱ። ከዚያም ጓደኛችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ እያፈራረቀ ያሰማችሁ፤ ምርጫችሁንም በወረቀት መዝግቡ። ይኸው ሙከራ በሌላ ቀን ይደገም። የሁለቱ ቀናት መልስ ካልተስማማ ቃናውን ገና አልመረጣችሁም ማለት ነው። ከተስማማ ግን ቁልፎቹን ባሉበት ትታችሁ ወደ ዋናው ሥራ፣ ዘፈኑን ወደ መጫወት፣ መሄድ ትችላላችሁ።