ጤናችን፦ የወር አበባ ሲዘገይ

ዛሬ የምናነበው ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ስለሚነገር ጉዳይ ነው። ወንዶችም አብራችሁ አንብቡ።

አንዲት የሦስት ልጆች እናት አለች እንበል። ባሏ በነሐሴ ወር ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወርዷል። ታኅሣሥ ገባ። ባል አልተመለሰም። የሴትዮዋ የወር አበባ ግን ቀረ። የምታጥበው ጨርቅ እንደሌለ አማቷ አየች። «ባሏ በሌለበት ከማን አረገዘች?» አለች። ወሬው ከምንጩ እስከ ወፍጮ ቤት ደረሰ። ሴትዮዋም አፍራ ከቤት መውጣት ተወች።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የወር አበባ የቀረባት ሴት ሁሉ አርግዛለች? አላረገዘችም። ምክንያቱን እንይ።

በማኅፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚሰጡ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ብዙ ጊዜ በወር አንድ እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ ከወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ፅንስ ካልተያዘ፣ ደም ይመጣል። እንቁላሉ ከዘገየ ደሙም ይዘገያል።

እንቁላሉን «ውጣ» ብሎ የሚያዘው ጭንቅላታችን ነው። ረኃብ ሲጸና፣ ሥራ ሲከብድ፣ ሐሳብና ሐዘን ሲበዛ፣ ሕመም ሲቆይ ትእዛዙ ይዘገያል። ሰውነት «አሁን ፅንስ የምሸከምበት አቅም የለኝም» እንደ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጡት የምታጠባ ወይም የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት አበባዋ ሊቀር ይችላል። አበባ ገና የጀመረች ልጃገረድና ለማረጥ የተቃረበች ሴትም ቀናቸው ይዛባል።

ሴትዮዋ በመጨረሻ ደብተሯን ይዛ ወደ ጤና ኬላ ሄደች። ፊደል ከቆጠረች ወዲህ አበባዋ የሚጀምርበትን ቀን ትጽፋለች። ደብተሩ «መስከረም 5፣ ጥቅምት 4፣ ኅዳር 3» ይላል። የጤና ሠራተኛዋ አነበበችው።

«በየ29 ቀኑ ነው የሚመጣብሽ። ታኅሣሥ 2 መምጣት ነበረበት። ዛሬ ታኅሣሥ 16 ነው። ኅዳርን እንዴት ከረምሽ እህቴ?»

«አጨዳውም ውቂያውም በእኔ ላይ ወደቀ። ሕፃኑ ታሞብኝ ሌሊት አልተኛሁም። እህልም አልበላልሽ አለኝ።»

ሽንቷ ተመረመረ። እርግዝና የለም። «አበባሽ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ፣ እንደግመዋለን» ተባለች። ታኅሣሥ 22 አበባዋ መጣ። ወሬውን ግን ማን ይሰብስበው?

ስለዚህ እህቶች፣ እነዚህን ያዙ፦

1. አበባ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። እስከሚቀጥለው አበባ መጀመሪያ ድረስ ቁጠሩ። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤናማ ነው።

2. ከወንድ ጋር ተገናኝታችሁ አበባ ከዘገየ አስቀድማችሁ ሽንት አስመርምሩ። «የለም» ቢባልም አበባ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ። የምታጠባ እናትም ልታረግዝ ትችላለች።

3. አበባ ያመጣል ተብሎ ሥራ ሥርና ቅጠል አትጠጡ። መርዝ ሊሆን ይችላል።

4. ሳታጠቡ፣ መርፌም ሳትወጉ አበባ ሦስት ወር ከቀረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

5. አበባ ዘግይቶ ከእምብርት በታች ከባድ ሕመም ቢመጣ ወይም ራስ ቢያስት፣ ከማኅፀን ውጭ የተያዘ ፅንስ ሊሆን ይችላል። ይህ ይገድላል። ሰዓት ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል!

እናንት ባሎችና አማቶች ደግሞ፣ አበባ የቀረባትን ሴት ከመጠርጠር በፊት እህል በልታ እንደሆን፣ ተኝታ እንደሆን ጠይቁ። ሸክሟንም አግዟት።

እንወያይ፦
ሀ. የሴትዮዋ አበባ ለምን ዘገየ?
ለ. ደብተሯ በምን ጠቀማት?
ሐ. አማቷ ምን ማድረግ ነበረባት?