የማታ ጉሊትና የተማሪው እራት

የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ ቀን አደባባዩንና ሕንጻውን ቢመለከት መልካም ነው። ነቀምቴ መጥቶ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ የሚመለስ ሰው እንደ መጣ አይቈጠርም። ነገር ግን የከተማው ሰው እርስ በርሱ እንዴት ተደጋግፎ እንደሚኖር በይበልጥ የሚታወቀው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፥ ጉሊቱ በየመንገዱ ዳር ሲዘረጋ ነው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ የጉሊቱ ምግብ ከወራቱ ጋር ይለዋወጣል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሸት በቆሎ ይነግሣል። ባለ ጉሊቷ የከሰል ማንደጃዋን አስቀምጣ እያራገበች ትጠብሳለች፤ የተቀቀለውንም ከነቅጠሉ ታቀርባለች። በበጋ ደግሞ ቆሎና ንፍሮ፥ በሚጥሚጣ የሚበላ ቅቅል ድንች፥ ምስር የተጠቀለለበት ሳምቡሳ፥ ቦንቦሊኖና ፓስቲ ይመጣሉ። የወለጋ ኩራት የሆነው አንጮቴ ይልቁንም በቤት፥ በተለይም በመስቀል ሰሞን፥ በቅቤ ተለውሶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ስለ ሆነ የእርሱን ነገር ለሌላ ጊዜ እናቈየው።

ይህን ሁሉ የሚበላው ማን ነው? ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አምሽቶ የገባው መንገደኛ አለ፤ የቀን ሠራተኛውና ባጃጅ ነጂው አሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ተማሪው አለ። ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፥ ከወላጆቹ የሚላክለት ስንቅ ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቅበታል። እኛ መምህራን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነቅቶ ወይም ፈዝዞ የምናየው ልጅ፥ ማታ ከዚያ ማንደጃ አጠገብ ምን እንዳገኘ ፊቱ ይናገራል። «አዴ፥ ቅዳሜ ስንቅ ሲመጣልኝ ልክፈል» ሲላት ብዙ ጊዜ እንቢ አትለውም። እንዲህ ያለው ብድር በመዝገብ አይጻፍም፤ ብዙ ልጅ ግን በዚህ ብድር ትምህርቱን ጨርሷል።

ተማሪው አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቀማል። በቆሎ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ላይሲን የሚባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ይጐድለዋል። ይህንኑ ባቄላና ሽምብራ አሟልተው ይዘዋል። ስለዚህ አንድ ራስ በቆሎ ከአንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ጋር ቢበላ፥ ሁለት ራስ በቆሎ ብቻውን ከመብላት ይሻላል።

የማታ ገበያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሰላምን ነው። በቻይና የሶንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች የነበረው ንጉሥ ታይዙ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ965 በዋና ከተማው በካይፈንግ የማታ ገበያ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ እንዳይከለከል አዘዘ። ከተማዪቱ በ1127 በጦርነት ወደቀች። ከዚያ የተሰደደው ሜንግ ዩዋንላዎ ከሃያ ዓመት በኋላ የአገሩን ትዝታ በመጽሐፍ ሲያሰፍር፥ ከቤተ መንግሥቱ ሥነ ሥርዓት ጋር የማታ ገበያውን ምግብ እየዘረዘረ ጻፈ። በወለጋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ግድ የሆነበትን ምሽት ያየ አንባቢ፥ ሰውየው ስለ ምግብ የጻፈው ለምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ጉሊት ያልተዘረጋበት ማታ ለባለ ጉሊቷ የልጆቿ ጦም ማደር ነው፤ ለተማሪውም እንደዚሁ።

ከሰላም ቀጥሎ የሚያስፈልጉት ውሃና መብራት ናቸው። የእነዚህን ጕድለት በሁለት መንገድ ማቃለል ይቻላል። አንደኛው መዝጋት ነው፤ በቤጂንግ ዶንግኋመን የተባለው ስመ ጥር የማታ ምግብ ገበያ ስለ ንጽሕናና ስለ ጫጫታ አቤቱታ በዝቶበት በ2016 ተዘግቷል። ሁለተኛው ማደራጀት ነው። ሲንጋፖር ከ1971 እስከ 1986 ድረስ በመንገድ ዳር ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች ውሃና መጸዳጃ ወዳላቸው የገበያ አዳራሾች አስገባች፤ ይኸው የአመጋገብ ባህልም በ2020 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

ለወለጋ ከተሞች አዳራሽ መሥራት ምናልባት ሩቅ ይሆናል። ነገር ግን በየመናኸሪያው አጠገብ አንድ የውሃ ቧንቧ፥ ሁለት ሦስት አምፑልና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማቆም ለማንም ማዘጋጃ ቤት ከባድ ወጪ አይመስለንም። ባለ ጉሊቷም ዘይቱ ሲጠቁር መድፋት፥ ገንዘብ በነካ እጅ ምግብ አለመንካት፥ ሳምቡሳውን ከአቧራና ከዝንብ መክደን ይገባታል። የሚበላውም ሰው ከእሳት ላይ ትኩሱን ይምረጥ፤ ቀዝቅዞ የዋለውን ይለፍ፤ እጁንም ይታጠብ። የተቅማጥና የአንጀት ተስቦ በሽታ በአመዛኙ በዚህ ይገታል።

አንዳንድ ሰዎች ጉሊት የከተማን ውበት ያበላሻል ይላሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ማታ ወጥተው በማንደጃው ዙሪያ የቆሙትን ልጆች ቢቈጥሩና ከዚያ በኋላ ቢፈርዱ መልካም ነው። የሚበጀው ግን የሚመጣው እሸት ከመድረሱ በፊት ውሃውንና መብራቱን ማዘጋጀት ነው።